በቀይ ክር የታሰረ ማንኪያ

ሮማ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ላቀው አድማሴ
ቡሬ ዙሪያ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በሰው አገር የሰው ሥራ እየሠራሁ፣ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። የእናቴን የእማሆይ ወለተ ሥላሴን ጉልበት ይሳሙልኝ።

የሆድ ድርቀቷ እንደ ባሰባት፣ ሰባትና ስምንት ቀን ሳትወጣ እንደምትቆይ ሰማሁ። የሰማሁት ከእርስዎ አይደለም። እርስዎማ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለው ነው የጻፉልኝ። ከአራት ዓመት በፊት እህቴ፣ ባለቤትዎ ቻይነሽ፣ ቤትዎ ውስጥ ሆዷን ይዛ ስትሞትም «ደህና ነን» የሚለው ደብዳቤዎ ከመርዶዋ በኋላ ነው የደረሰኝ። ይህን ለነገር አላነሳሁትም። ዛሬ የምጽፈው ስለ መድኃኒት ነው።

ለፍኖተ ሰላሟ ለወይዘሮ እህተ ማርያም አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ፤ አገር ስትገባ በእጅዎ ታስረክብዎታለች። እዚህ የማስታምማት አሮጊት የምትወስደው ነው። ሐኪሟ ያስረዳኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁና እባክዎ ቃል ሳይዘሉ ያንብቡት።

ጠዋት አንድ ማንኪያ ነው። ልክ እንዳይሳሳት ብዬ መስፈሪያ ማንኪያውን ራሱን በጠርሙሱ አንገት ላይ በቀይ ክር አስሬዋለሁ። ጋሽ ላቀው፣ ይህ ኮሶ አይደለም። ኮሶ ጠዋት ተጠጥቶ ቀትር ሳይደርስ ሆድ ይጠርጋል። ይህ ሆድ አይገርፍም፤ ውኃ ወደ አንጀት እየሳበ የደረቀውን ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ስለዚህ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጃል። ምንም አልመጣም ብለው እንዳይጨምሩባት። መጀመሪያ ላይ ሆዷ ቢጮህና ቢነፋፋት አይደንግጡ፤ እየዋለ ይተዋታል። ውኃ የሚስብ ስለሆነ እሷ ካልጠጣች ከገዛ ሰውነቷ ነው የሚወስደው፤ በቀን አምስት ስድስት ብርጭቆ ትጠጣ። ሲለሰልስላት ወደ ግማሽ ማንኪያ ዝቅ ያድርጉ። ካስቀመጣት ያቁሙ። ከኮሶም ሆነ ከሌላ ከሚያስቀምጥ ቅጠል ጋር አይቀላቅሉባት።

አንድ ነገር ደግሞ። ሆዷ ተነፍቶ የሚያስመልሳት ከሆነ፣ ነፋስ እንኳ አልወጣ ካላት፣ ይህንንም ሌላውንም እንዳይሰጧት። ያን ጊዜ አንጀቷ ተዘግቶ ይሆናልና በቃሬዛም ቢሆን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ያድርሷት። ይህን ከአራት ዓመት በፊት የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ፣ ምን እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ስለ ሽሮፑ ግን ሥጋት አይግባዎ፤ ከወተት የሚወጣ ስኳር ነው፣ ለሕፃናትም ይሰጣል።

የቻይነሽ እህት ጌጥነሽ


ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጌጥነሽ፣

የፈጣሪ ጥላ ከላይሽ አይነሣ። እኔ እንደ ኃጢአቴ ሳይሆን እንደ ምሕረቱ አለሁ።

እናትሽን ልትገድዪያቸው ነበር።

እህተ ማርያም ፍኖተ ሰላም ድረስ አስጠርታኝ ጠርሙስሽን ሰጠችኝ። «ለሆድ ድርቀት ነው፤ ጠዋት ይወሰዳል» አለችኝ። ደብዳቤ የለውም ወይ ብላት፣ «በፖስታ ልካለች» አለች። እስከ ዛሬ አንዲት ቅዳጅ ወረቀት አልደረሰችኝም። ጠርሙሱ ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። እኔ ዳዊት የደገምኩ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ገበሬ ነኝ፤ ጣልያንኛ ከየት አመጣለሁ?

እማሆይ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ሁዳዴ ገብቷል። እሳቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃ በአፋቸው አይዞርም፤ ሲፈቱም ያቺኑ የገብስ ቆሎ ነው። ጠዋት ሰጠናቸው። ቀትር ሆነ፣ ምንም የለም። «ኧረ ይኼ የሮማ ኮሶ ሰነፍ ነው!» አሉ። ጨመርን። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዝም። ጨመርን። ጠርሙሱ ተጋመሰ።

በማግስቱ ጀመራቸው። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ክረምት ፈረሰኛ ውኃ ወረደባቸው። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። በሦስተኛው ቀን ስጠራቸው «አቤት» ማለት አቃታቸው። ከጎረቤቶቼ ጋር ስድስት ሆነን በቃሬዛ ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ድሬሰሩ ያን በውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ጠብ ጠብ እያደረገ ሲያጠጣቸው ዋለ። «አባቴ፣ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብሎ ቀሪውን አልጨረሰውም።

አሁን ቤታቸው ገብተዋል። ቁጭ ብለው ዳዊታቸውን ያዳምጣሉ።

አንቺ እዚያ የሰው እናት ስታገላብጪ እየዋልሽ የራስሽን በጠርሙስ ትልኪላታለሽ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረቤቶቼ ናቸው። ሁለተኛ መድኃኒት እንዳትልኪ። በየደብዳቤሽ ቻይነሽን እያነሣሽ መርፌ መውጋቱንም ተዪኝ። ሐዘኑ የእኔም ነው።

ላቀው አድማሴ


ቡሬ ዙሪያ፣ መጋቢት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለወይዘሮ ጌጥነሽ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። በጥር 20 ቀን የጻፉት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ተከፍቶ ነበር። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር «ከውጭ አገር ነው» ብሎ አሥራ ሁለት ቀን በኪሱ ይዞት ዞሯል። ሲሰጠኝ፣

«ላቀው፣ ይኼ ሁሉ ስለ አንጀት ነው?» አለኝ።

«ስለ አንጀት ነው።»

«እኔ እኮ የምሥጢር ቃል መስሎኝ ለአውራጃ ላስተላልፈው ነበር!»

ቃል ሳይዘሉ ያንብቡት ብለው ስላዘዙኝ፣ ቃል ሳልዘል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእማሆይ አነበብኩላቸው። «ከወተት የሚወጣ ስኳር ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ ነው የጠጡት፣ እማሆይ።»

«ጌጤ ናት ይህን ያደረገችኝ?»

«የላከችውም የጻፈችውም እሷ ናት» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ይሄይስ መጥተው፣ «እማሆይ፣ መድኃኒት ነው፤ ሕመምተኛ በጾም አይጠየቅም» ብለው ለመኗቸው። «ሰባ ዓመት የጾምኩትን በአንድ ማንኪያ ወተት ልለውጠው?» አሉና ጨረሱት። ፋሲካ እስኪያልፍ አይነኩትም። ጠርሙሱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ይኸውልዎ። የላኩት ነገር መጀመሪያ ሥጋቸውን፣ ቀጥሎ ነፍሳቸውን አገኘው። ሁለቱንም ሮማ ተቀምጠው ነው ያደረሱት። እርስዎ የሠለጠነ አገር ሰው ነዎትና ከእኔ የሚማሩት የለም።

ላቀው አድማሴ


ሮማ፣ መጋቢት 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ላቀው፣

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ ስለ አንተ መክረም የማስበው ነገር ለጾም ቀን አይሆንም። አንተ ማለቴ ይሰማህ። አንቱታዬን ለእህቴ ባል ነበር የሰጠሁት። አንተ በበኩልህ እኔን በእርስዎ ስትሰድበኝ ገብቶኛል፤ እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ማንኪያው የት ሄደ? በገዛ እጄ፣ በቀይ ክር፣ ሦስት ጊዜ ቋጥሬ ያሰርኩት። ስለ ጎርፉ ጽፈሃል። ስለ ቃሬዛው ጽፈሃል። ስለ ማንኪያው አንዲት ቃል የለም። እህተ ማርያምን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «አንድ ማንኪያ፤ ሁለት ቀን ጠብቁ» የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ አስይዣታለሁ። ጠርሙሱን ሰጥታህ ይህን ሳትነግርህ ቀረች? እንግዲያ በሥላሴ ፊት ማልልኝ። ከማልክ አምንሃለሁ። ሐሰት ምለህ እንደማታድር አውቃለሁ።

ወተቱ የእኔ ጥፋት ነው። በሁዳዴ እንደሚደርስ አላሰብኩም፤ እዚህ ጾሙን ከወረቀት ላይ ነው የምቆጥረው። አንተ ግን አሥራ አራት ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረሃል። ያን መስመር ስታነብላት ምን እንደምትል ታውቅ ነበር። ለምን አነበብከው? ለምንስ ድምፅህን ከፍ አደረግህ?

እህቴ ሦስት ቀን ሲያስመልሳት ኮሶ እየበጠበጥክ አጠጣሃት። «አላወቅሁም» አልክ። እሺ። አሁን ግን በጽሑፍ ነግሬሃለሁ። ሁለተኛ «አላወቅሁም» የሚባል ነገር የለም።

አዲስ አበባ ላለው ለአጎቴ ልጅ ለቸኮለ ጽፌለታለሁ። ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ይወስዳታል። እስከዚያ በሕይወት አቆይልኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለም።

ጌጥነሽ


ቡሬ ዙሪያ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጌጥነሽ፣

መቃብሩ ባዶ ሆኖ የተገኘው ጌታ እንኳን ለብርሃኑ አደረሰሽ። እናትሽ በሕይወት አሉ። ይህን ቀድመሽ እንድታውቂ ነው ከላይ ያደረግሁት።

ማል ብለሽኛል። አልምልም። እህተ ማርያም ነግራኛለች። ማንኪያውም ነበር።

«ሰጠናቸው፣ ጨመርን» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን በማንኪያሽ ሰጠሁ። ቀትር አልፎ ምንም ሳይሆን ሲቀር ማንኪያውን አስቀምጬ ዋንጫ አነሣሁ። ለእሳቸው አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ሳሞኝ ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ግን ነገሩ እየመጣ ፊቴ ይቆማል። እውነቱ፣ ሲያቃስቱ መስማት ሰልችቶኝ ነበር። ቶሎ ያልቅልኝ ብዬ ነው።

ወተቱም አንቺ እንዳልሽው ነው። ያን መስመር ሳይ ደስ አለኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «አሁን አገኘኋት» አልኩ በሆዴ። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት እሳቸው ስለማይሰሙ አይደለም፤ ጆሮአቸው ከእኔ ይሻላል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ነው። እማሆይ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው፣ ሆዳቸውን አቅፈው ተጠቅልለው ነበር። ፍኖተ ሰላም ልውሰድዎ ብላቸው፣ «በሕማማት ኸቤቴ ወጥቼ የት ልሞት? ኸሞትኩም ኸቻይነሽ አጠገብ ነው» አሉኝ። የጥር ወሩን ደብዳቤሽን አውጥቼ ምልክቶቹን አንድ ባንድ ተመለከትኩ። አላስመለሳቸውም። ሆዳቸው ጠጥሯል እንጂ አልተነፋም። ሦስተኛው ላይ፣ ነፋሱ ላይ፣ ቆምኩ። እስቲ አስቢው፤ ሰው አማቱን፣ ያውም መነኩሲት፣ ይህን እንዴት ብሎ ይጠይቃል? እኔ በፊታቸው አፌን ሞልቼ ጎርሼ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ደጅ ወጣሁ። ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ። በመጨረሻ መዝጊያውን ተደግፌ፣ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ፣

«እማሆይ፣ ከቤቱ ነፋስ ይወጣል?» አልኳቸው።

ያልገባቸው መሰለኝ። ሌላ ቃል ስፈልግ ከነጠላው ሥር፣

«በሩ ተዘጋ እንጂ ስንጥቁ አልተደፈነም» አሉኝ።

እዚያው መዝጊያው ላይ እንደ ቆምኩ አለቀስኩ። ቻይነሽን ይህን አልጠየቅኋትም። ሚስቴን አፍሬ አልጠየቅኋትም። «አላወቅሁም» ያልኩሽ እውነት ነው፤ ግን አለማወቄን አውቅ ነበር። አለማወቄን እያወቅሁ፣ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ትቼ ኮሶ በጠበጥኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቄስ ይሄይስን ጠራኋቸው። በእሳቸው ፊት ከእማሆይ እግር ሥር ወድቄ፣ «ያን መስመር ያነበብኩልዎ ለጾምዎ ብዬ አይደለም። ልጅዎን ላስጠላዎት ብዬ ነው» አልኩ።

እማሆይ ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ።

«እኔ ለጌታ የጾምኩ መስሎኝ፣ ያንተን ቂም ስጾም ነው የከረምኩ?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

ቄስ ይሄይስ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በመቋሚያቸው ዝም አሰኟቸው።

«አምጣው ኸሣጥኑ። ወተቱን እኔ እጠጣለሁ፤ ጾሙን አንተ ትጾማለህ።»

ቄሱም እንዲያው ፈረዱ። በዓለ ኀምሳ ሲያልፍ አርባ ቀን አለብኝ።

ማክሰኞ አንድ ማንኪያ ሰጠኋቸው። ውኃውን በየሰዓቱ በጣሳ እየቀዳሁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን ምንም የለም። ረቡዕ ሌላ አንድ ማንኪያ፤ ሆዳቸው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ዋለ፣ ግን ምንም። ዓይኔ ወደ ዋንጫው እየሄደ ሲያስቸግረኝ፣ ዋንጫውን አንሥቼ ለጎረቤቴ ሰጥቼ መጣሁ። ሐሙስ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ጎርፍ የለ፣ ሕመም የለ። ፋሲካን ተቀምጠው ፈቱ።

ቸኮለ ይምጣ። አልከለክልም። እሳቸው «እግሬን ቁረጡት እንጂ አልሄድም» ይላሉ፤ አንቺ ግን ልጅ ነሽ፣ ፍርዱ ያንቺ ነው። እሳቸው ከሄዱ በዚህ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አይኖርም። ይህን የጻፍኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ሳልጽፈው ብቀር ደግሞ መደበቅ ይሆንብኛል።

ላቀው


ሮማ፣ ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ላቀው፣

ደብዳቤህን አነበብኩት። አስቀምጬ ሥራ ሠራሁ፤ ተመልሼ አነበብኩት። ስለ ቻይነሽ ከእኔ ይቅርታ አትጠብቅ። ዛሬ የለኝም፤ ነገም የሚኖረኝ አይመስለኝም። እውነቱን መናገርህ በደሉን አያሳንሰውም፤ ልኩን አሳየኝ እንጂ።

ቸኮለ እንዳይመጣ ጽፌለታለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም። ቸኮለ ደግ ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው። ግን እናቴን «ነፋስ ይወጣል ወይ» ብሎ አይጠይቃትም። አክብሮ፣ አፍሮ ይገድላታል። አንተ አፍረህ አንዷን ገድለሃል። ሁለተኛዋን ግን ጠይቀሃል።

እንግዲህ የምልህን ስማ። በየሳምንቱ ትጽፍልኛለህ፤ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ጣሳ ውኃ፣ መቼ እንደ ወጣች፣ ምን እንደሚመስል። ፍኖተ ሰላም ወስደህ ሐኪም አሳያት፤ ሽሮፕ ሐኪም ሳያውቀው ወር ከወር አይወሰድም። ደም ካየህ ወይም ካስመለሳት ቀን አትቁጠር፣ ያኔውኑ ውሰዳት። ቆሎውን ቀንስላት፤ ጎመንና ተልባ ስጣት።

ከእሷ የምታፍረውን ሁሉ ጠይቃት። ያፈርክበት ሳምንት ቸኮለ ይመጣል።

ጌጥነሽ


ቡሬ ዙሪያ፣ ግንቦት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጌጥነሽ፣

ያለሽበትን ቤት መልአክ ይጠብቀው። ሳምንቱ እንዲህ ነበር።

ሰኞ አንድ ማንኪያ፣ ውኃ አምስት ጣሳ። አልወጣም። ማክሰኞ አንድ ማንኪያ፣ አምስት ጣሳ። ወጥቷል፣ ትንሽ ይደርቃል። ረቡዕ አንድ ማንኪያ፣ አራት ጣሳ፤ አምስተኛውን «ዓሣ አደረግኸኝ!» ብለው ደፉብኝ። ሐሙስ ወጥቷል፣ ለስላሳ ነው። ዓርብ ወደ ግማሽ ማንኪያ ዝቅ አደረግሁ። ደም የለም። ማስመለስ የለም። ተልባውን ወደውታል፤ ጎመኑን አልወደዱትም፣ ግን ይበሉታል።

ፍኖተ ሰላም በበቅሎ ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳስሶ የሚያሠጋ ነገር አላገኘሁም አለ። በዚሁ ልክ አንድ ወር ቀጥሉና መልሰህ አምጣቸው ብሎኛል። የጥር ወሩን ደብዳቤሽን አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ «ሐኪም ናት?» አለኝ። «አይደለችም፣ ልጃቸው ናት» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቄስ ይሄይስና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ሳለ ያን የማፍርበትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። በበርም በነፋስም ሳልሸፍን፣ በስሙ ጠርቼ። ቄሱ ሳል ያዛቸው። እማሆይ በመቋሚያቸው ትከሻዬ ላይ አቀመሱኝ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ መለሱልኝ፦ ወጥቷል።

«ይህንንም ለጌጤ ጻፍላት» አሉ። ጽፌያለሁ።

ላቀው